ከሽንግሉ ሥር ያለው ሒሳብ፦ ያረጀ ጣሪያን ስለ መቀየርና ስለ ወጪው

በአሜሪካ የሚገኙ አብዛኞቹ የመኖሪያ ቤት ጣሪያዎች የሚሸፈኑት ሽንግል በሚባል፣ እንደ ዓሣ ቅርፊት አንዱ የሌላውን ጫፍ እየደረበ በምስማር በሚመታ የአስፋልት ንጣፍ ነው። ይህ ክዳን ከመሬት ሆኖ ሲታይ ቀላል ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን የቤቱ ባለቤት የመቀየሪያ ዋጋ ሲጠይቅ የሚሰማው ቁጥር ብዙውን ጊዜ ከ10,000 ዶላር አካባቢ የሚነሣና አንዳንዴም ከ30,000 ዶላር የሚያልፍ ስለሆነ፣ ብዙ ቤተሰብ በአንድ ጊዜ አውጥቶት የማያውቀውን ገንዘብ በቅጡ ለማያውቀው ነገር እንዲከፍል ይገደዳል። በሜሪላንድ፣ በቨርጂኒያ፣ በቴክሳስና በሌሎች ግዛቶች ቤት ለገዙ ኢትዮጵያውያን ደግሞ ጉዳዩ ተጨማሪ ክብደት አለው፤ በአገር ቤት የሚታወቀው የቆርቆሮ ክዳን በሞራሌ ላይ በቀጥታ የሚመታ፣ ሲዝግ በዓይን የሚታይና የተበላሸው ቆርቆሮ ብቻ ተነቅሎ የሚተካ ሲሆን፣ የሽንግል ጣሪያ ግን የበርካታ ንብርብሮች ድምር በመሆኑ አብዛኛው ጥፋትም አብዛኛው ወጪም የሚገኘው ከዓይን በተሰወረው ክፍል ነው። ስለዚህ የሽንግሉን ቀለምና የአምራቹን ስም ከማማረጥ በፊት ከሥሩ ያለውን መመርመር ይቀድማል።

የአስፋልት ሽንግል በአሜሪካ መመረት የጀመረው በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ሲሆን፣ በጥቅል ይሸጥ የነበረው በአስፋልት የተነከረ የጣሪያ ንጣፍ በትንንሹ እየተቆረጠ መቅረብ ከጀመረ በኋላ ከእንጨት የሚፈለጠውን የቀድሞ ሽንግል እየተካ ሄደ። የዛሬው ሽንግል እምብርቱ ከመስታወት ክሮች የተሠራ፣ ፋይበር ግላስ የሚባል ስስ ምንጣፍ ነው፤ በዚህ ምንጣፍ ላይ ከደቀቀ የኖራ ድንጋይ ጋር የተቀላቀለ አስፋልት ይለበጣል፤ በላዩም ቀለም የለበሰ ደቃቅ የድንጋይ ጠጠር ይነሰነሳል። ጠጠሩ ለጌጥ ብቻ የተደረገ አይደለም፤ ዋና ሥራው የፀሐይን አልትራቫዮሌት ጨረር ከአስፋልቱ መመከት ነው። ጨረሩና ሙቀቱ የአስፋልቱን ቅባት በየዓመቱ እየቀነሱ ያደርቁታል፤ የደረቀ አስፋልት ጠጠሩን አጥብቆ መያዝ ያቅተዋል፤ ጠጠር የረገፈበት ቦታ ደግሞ ለጨረሩ ይበልጥ ስለሚጋለጥ እርጅናው በሄደ ቁጥር ይፈጥናል። ወደ ደቡብ የሚያይ ተዳፋት ከሰሜኑ ቀድሞ የሚያረጀውም ከዚሁ የተነሣ ነው።

በገበያ ላይ በስፋት የሚታወቁት ሁለት ዓይነቶች ናቸው፤ አንደኛው ስሪ ታብ የሚባለው፣ የታችኛው ጠርዙ በስንጥቅ ለሦስት የተከፈለ ነጠላ ሽንግል ሲሆን፣ ሁለተኛው አርኪቴክቸራል የሚባለው፣ ሁለት ንጣፎች አንድ ላይ ተጣብቀው የሚሠሩትና ስለዚህም የሚወፍረውና የሚከብደው ነው። የመጀመሪያው በአብዛኛው ከ15 እስከ 20 ዓመት፣ ሁለተኛው ከ20 እስከ 30 ዓመት ያገለግላል። በዛሬው ገበያ ሁለተኛው የተለመደ ምርጫ ሆኗል፤ ምክንያቱም ከዚህ በታች እንደሚታየው የሽንግሉ ዋጋ ከጠቅላላው ወጪ የሚይዘው ድርሻ አነስተኛ ስለሆነ፣ በርካሹ ሽንግል የሚገኘው ቁጠባ የጣሪያውን ዕድሜ ማጠር የሚያካክስ አይደለም።

የዕድሜ ቁጥር ግን ብቻውን ውሳኔ አይሰጥም። የ12 ዓመት ጣሪያ ሊያፈስ፣ የ22 ዓመት ጣሪያ ደግሞ አንድም ጠብታ ሳያስገባ የመጨረሻ ዘመኑ ላይ ሊሆን ይችላል። ውሃ የሚገባው ብዙውን ጊዜ በሽንግሉ መሐል ሳይሆን በመጋጠሚያዎች፣ ማለትም ጣሪያው ከጢስ ማውጫው፣ ከግድግዳው፣ ከጣሪያ መስኮትና ከመታጠቢያ ቤት የአየር ቱቦ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ነው። ቱቦውን ዙሪያውን አንቆ የሚይዘው የጎማ ክፈፍ ከሽንግሉ ብዙ ዓመት ቀድሞ ይሰነጠቃል፤ እርሱን መተካት ጥቂት መቶ ዶላሮች የሚፈጅ ጥገና ሆኖ ሳለ፣ በዚያው ፍሳሽ ምክንያት ሙሉ ጣሪያ እንዲቀይሩ የሚመከሩ ቤተሰቦች መኖራቸው የሚያሳዝን ነው። በብዙ ጣሪያዎች ላይ የሚታየው ጥቁር ዝርግ መስመርም እርጅና አይደለም፤ በሽንግሉ ውስጥ ያለውን የኖራ ድንጋይ እየተመገበ የሚያድግ ሳያኖባክቴሪያ የሚባል ረቂቅ ተሕዋስ የሚተወው ምልክት ሲሆን፣ መልክ ከማበላሸት ያለፈ አደጋው አነስተኛ ነው። በሌላ በኩል በአሸንዳው ውስጥ በብዛት የተጠራቀመ ጠጠር፣ ጫፋቸው የተቆለመመ ሽንግሎች፣ ጠጠራቸው ረግፎ ጥቁር የሆኑ ገላጣ ቦታዎችና በእጅ ሲነኩ የሚሰባበሩ ጠርዞች በጣሪያው ላይ በስፋት ከታዩ፣ ፍሳሽ ባይኖርም የመቀየሪያው ጊዜ ደርሷል ማለት ይቻላል። አዲስ ጣሪያም በመጀመሪያዎቹ ወራት ትርፍ ጠጠር ስለሚያራግፍ፣ ይህ ምልክት ከዕድሜው ጋር ተገናዝቦ መታየት አለበት።

ከሁሉ የበለጠ እውነት የሚናገረው ከኮርኒሱ በላይ፣ ከጣሪያው በታች ያለው አቲክ የሚባለው ክፍት ቦታ ነው። የቤቱ ባለቤት መሰላል ላይ ወጥቶ ራሱን ለአደጋ ሳያጋልጥ፣ በባትሪ መብራት ብቻ ብዙ ነገር ሊያይ ይችላል፤ በእንጨቱ ላይ ያለ የውሃ ምልክት፣ የዛጉ የምስማር ጫፎች፣ የረጠበና የተጨፈለቀ የሙቀት መከላከያ ጥጥ፣ በቀዳዳ የሚገባ የቀን ብርሃንና የሻጋታ ሽታ ጣሪያው ስላለበት ሁኔታ ከማንኛውም የሽያጭ ሠራተኛ ፎቶግራፍ የተሻለ ማስረጃ ናቸው። ዋጋ ሊሰጥ የመጣ ኮንትራክተር አቲኩን ለማየት ካልጠየቀ፣ የሚሰጠው ግምት የላዩን ብቻ ያየ ግምት መሆኑን ማወቅ ይገባል።

ጣሪያው መቀየር እንዳለበት ከታወቀ በኋላ የሚመጣው ጥያቄ አሮጌው ይነሣ ወይስ አዲሱ በላዩ ይመታ የሚለው ነው። በአብዛኞቹ ግዛቶች የአካባቢ ሕጎች መሠረት ሆኖ የሚያገለግለው የመኖሪያ ቤቶች የግንባታ ኮድ፣ ሁለት ንብርብር ባለበት ጣሪያ ላይ ሦስተኛ መጨመርን፣ እንዲሁም ውሃ የጠጣ ወይም የተበላሸ ጣሪያን በአዲስ መሸፈንን ይከለክላል። አንድ ንብርብር ብቻ ካለ ግን መደረብ ይፈቀዳል፤ አሮጌውን የማንሣትና የመጣል ወጪም በአንድ ካሬ ጫማ ከ1 እስከ 2 ዶላር ገደማ ስለሚደርስ፣ መደረቡ በመካከለኛ ቤት ላይ ጥቂት ሺህ ዶላሮችን ያስቀራል። ይህ ቁጠባ የሚማርክ ቢሆንም በአብዛኛው የሚመከር አይደለም፤ የበሰበሰው እንጨት ሳይታይ ይሸፈናል፤ የመጋጠሚያ ላሜራዎች ሳይታደሱ ይቀራሉ፤ የታችኛው ሽንግል ጉብታ በላይኛው ላይ ይወጣል፤ ጣሪያው በየ9 ካሬ ሜትሩ ከ90 እስከ 115 ኪሎ ግራም ተጨማሪ ክብደት ይሸከማል፤ በሚቀጥለው ጊዜም ሁለቱንም ንብርብር የማንሣቱ ወጪ በአንድነት ይመጣል። በዕድሜ የገፉና ቤቱን በቅርቡ ለመልቀቅ ያሰቡ ባለቤቶች መደረቡን ቢመርጡ የሚያስኬድ ሊሆን ይችላል፤ ለሌላው ሁሉ ግን የተቀመጠው ገንዘብ ለወደፊቱ የተላለፈ ዕዳ ነው።

አሮጌው ሽንግል ሲነሣ የሚገለጠው የመጀመሪያ ነገር የጣሪያው ወለል ነው። ይህ ወለል ብዙውን ጊዜ ከኮምፔንሳቶ ወይም ኦኤስቢ ከሚባል፣ የእንጨት ቅራፊ በሙጫ ተጨፍልቆ ከሚሠራ ጣውላ የተነጠፈ ሲሆን፣ አንዱ ጣውላ 4 በ8 ጫማ ወይም 32 ካሬ ጫማ ይሸፍናል። ስንቱ እንደበሰበሰ ሽንግሉ ከመነሣቱ በፊት በእርግጠኝነት የሚያውቅ የለም፤ ክርክር የሚነሣውም እዚህ ላይ ነው። ጣሪያው ተገልጦ፣ ሰማዩ ዳምኖ ሳለ የአንድ ጣውላ ዋጋ ስንት እንደሆነ መደራደር ለባለቤቱ ፈጽሞ አያዋጣም፤ ስለዚህ በውሉ ውስጥ የእያንዳንዱ ጣውላ መተኪያ ዋጋ አስቀድሞ ሊጻፍና የተተኩት ጣውላዎች ፎቶግራፍ እንዲቀርብ ሊጠየቅ ይገባል። ከወለሉ በላይ ውሃ የማያሳልፍ ሰው ሠራሽ ንጣፍ ይዘረጋል፤ በረዶ በሚበዛባቸው አካባቢዎች ደግሞ ከጣሪያው ጠርዝ ጀምሮ ከውጭኛው ግድግዳ መስመር ቢያንስ 24 ኢንች ወደ ውስጥ እስኪያልፍ ድረስ በራሱ የሚጣበቅ የሬንጅ ንጣፍ እንዲለጠፍ ኮዱ ያዝዛል፤ ምክንያቱም በአሸንዳው ላይ የሚረጋው በረዶ የቀለጠውን ውሃ እየገደበ ወደ ሽንግሉ ሥር ወደ ላይ ስለሚገፋው ነው።

ከዚህ ሁሉ ይበልጥ ትኩረት የሚሹት ግን የመጋጠሚያ ላሜራዎችና የአየር ማናፈሻው ናቸው። ፍላሺንግ የሚባለው ላሜራ ጣሪያው ከግድግዳና ከጢስ ማውጫ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ደረጃ በደረጃ ከሽንግሉ ጋር እየተጠላለፈ ይገባል፤ ሥራውን ለማፋጠን የሚሹ ሠራተኞች አሮጌውን ላሜራ እንዳለ ትተው ዙሪያውን በማጣበቂያ ይቀቡታል፤ ማጣበቂያው ግን በጥቂት ዓመት ውስጥ ስለሚሰነጠቅ አዲሱ ጣሪያ በአሮጌው ቦታ ማፍሰስ ይጀምራል። አየር ማናፈሻን በተመለከተ ደግሞ ኮዱ የአቲኩን ስፋት ለ150፣ በተወሰኑ ሁኔታዎችም ለ300 በማካፈል የሚገኘውን ያህል ነፃ የአየር መተላለፊያ ይጠይቃል፤ ይህም ለ1,500 ካሬ ጫማ አቲክ 10 ወይም 5 ካሬ ጫማ ክፍተት ማለት ሲሆን፣ ይህ ክፍተት ከታች በጣሪያው ጠርዝ በሚገባና ከላይ በጣሪያው አናት በሚወጣ አየር መካከል ሊመጣጠን ይገባል። አየር የታፈነበት አቲክ በበጋ ሽንግሉን ከሥር ያነድደዋል፤ በክረምት ደግሞ ከቤቱ የሚወጣው እርጥበት በቀዝቃዛው እንጨት ላይ ጤዛ ሆኖ ወለሉን ያበሰብሰዋል። አምራቾችም አየር ማናፈሻው ጉድለት ካለበት የዋስትና ጥያቄን ሊቀንሱ ወይም ሊከለክሉ ይችላሉ።

የወጪው ስሌት የሚጀምረው ከመለኪያው ነው። ጣሪያ የሚለካው ስኩዌር በሚባል፣ 100 ካሬ ጫማ ወይም 9.3 ካሬ ሜትር ገደማ በሆነ መስፈሪያ ነው። የቤቱ መሬት የያዘው ስፋት የጣሪያው ስፋት አይደለም፤ ተዳፋቱ ስፋቱን ያሳድገዋልና። ለምሳሌ ጠርዞቹን ጨምሮ በመሬት ላይ 1,500 ካሬ ጫማ የሚሸፍን፣ በየ12 ኢንቹ ርቀት 6 ኢንች ወደ ላይ የሚወጣ ጣሪያ ያለው ቤት ቢወሰድ፣ ለዚህ ተዳፋት የሚያገለግለው ማባዣ 1.118 ስለሆነ የጣሪያው ስፋት 1,677 ካሬ ጫማ ይሆናል፤ ለቁርጥራጭ ብክነት 10 በመቶ ሲጨመርበት ወደ 18.5 ስኩዌር ይደርሳል። አንድ ስኩዌር አብዛኛውን ጊዜ ሦስት እሽግ ሽንግል ስለሚፈጅ ለቤቱ 56 እሽግ ያስፈልጋል፤ የአንዱ እሽግ ዋጋ 40 ዶላር ቢታሰብ ሽንግሉ ብቻውን 2,240 ዶላር ይሆናል። ኮንትራክተሩ በስኩዌር 650 ዶላር ቢጠይቅ ግን ጠቅላላው 12,025 ዶላር ነው። ሽንግሉ ከዚህ የሚይዘው ከአምስት አንድ እጅ እንኳ አይሞላም፤ የቀረው አሮጌውን ለማንሣትና ለመጣል፣ ለሥር ንጣፎች፣ ለላሜራዎች፣ ለሠራተኞች ጉልበትና መድን፣ ለፈቃድ እንዲሁም ለኮንትራክተሩ ወጪና ትርፍ የሚሄድ ነው። አሥር የበሰበሱ ጣውላዎች ቢገኙና አንዱ በ90 ዶላር ቢተካ ሌላ 900 ዶላር ይጨመራል። ሁለት ኮንትራክተሮች ለአንድ ቤት የሰጡት ዋጋ በሦስትና በአራት ሺህ ዶላር ቢለያይ፣ ልዩነቱን በሽንግሉ ላይ መፈለግ ከንቱ ድካም ነው፤ ያለው በሥር ንጣፎቹ፣ በላሜራዎቹ ወይም በሠራተኞቹ መድን ላይ ነው።

በስኩዌር የሚጠየቀው ዋጋ ከቦታ ቦታ በእጅጉ ይለያያል፤ ተዳፋቱ የቆመ፣ ፎቁ የበዛ፣ ማዕዘኑና የጢስ ማውጫው የተበራከተ ጣሪያ ከሜዳማው የበለጠ ጉልበትና ጊዜ ይወስዳል። በየዓመቱ የቤት እድሳት ወጪንና በሽያጭ ጊዜ የሚመለሰውን ዋጋ የሚያነጻጽረው የአሜሪካ የሙያ ዘገባ በ2024 እትሙ፣ 30 ስኩዌር የሚሆን የአስፋልት ጣሪያ የመቀየር አማካይ ወጪን ከ30,000 ዶላር ጥቂት ከፍ አድርጎ፣ በሽያጭ የሚመለሰውንም ከ60 በመቶ በታች አድርጎ አስቀምጧል። ስለዚህ ጣሪያ መቀየር ትርፍ የሚያስገኝ ንግድ ሳይሆን ቤቱን ከጥፋት የመጠበቅ ወጪ መሆኑን ተረድቶ መነሣት ይሻላል። የብረት ክዳን የመረጡ ሰዎች ከአስፋልቱ ሁለት ወይም ሦስት እጥፍ ከፍለው ከ40 እስከ 70 ዓመት የሚዘልቅ ጣሪያ ያገኛሉ፤ በቤቱ ረጅም ዘመን ለመኖር ለወሰነ ቤተሰብ ይህ የሚያዋጣ ሊሆን ይችላል። ስሌት የሚባለው፣ በስሱ ከሚሰነጠቅ የተፈጥሮ ድንጋይ የሚሠራው ክዳን ከመቶ ዓመት በላይ ሊቆይ ቢችልም ከአስፋልት ሦስት እጥፍና ከዚያ በላይ ስለሚከብድ፣ ለእርሱ ያልተሠራ ቤት ላይ ያለ መሐንዲስ ምርመራ አይታሰብም።

የቤት መድን የሚከፍለው ጉዳቱ ከበረዶ ድንጋይ፣ ከነፋስ ወይም ከወደቀ ዛፍ ሲሆን ነው፤ እርጅናን የሚከፍል መድን የለም። በፖሊሲው ውስጥ ሊነበብ የሚገባው ዋና ነገር ክፍያው በመተኪያ ዋጋ ወይስ በወቅቱ ዋጋ መሆኑ ነው። የወቅቱ ዋጋ ማለት ጣሪያው ባገለገለበት ዘመን ልክ ተቀንሶ የሚከፈል ነው፤ 14,000 ዶላር የሚፈጅ፣ ከ25 ዓመት ዕድሜው 15ቱን የጨረሰ ጣሪያ ቢጎዳ 60 በመቶው ይቀነስና 5,600 ዶላር ይቀራል፤ ከዚህም ላይ ዲዳክቲብል የሚባለው፣ ባለቤቱ ራሱ የሚሸፍነው ድርሻ ይነሣል። በረዶ ድንጋይ በሚበዛባቸው ግዛቶች ይህ ድርሻ ብዙ ጊዜ በመቶኛ ስለሚሰላ፣ በ400,000 ዶላር ለተመዘገበ ቤት 2 በመቶው 8,000 ዶላር ነው። ከማዕበል በኋላ በየደጃፉ እየዞሩ ጣሪያውን በነፃ እንመርምር፣ ዲዳክቲብሉንም እኛ እንሸፍናለን የሚሉ ሰዎች ይመጣሉ። ይህ ቃል ብዙ ጊዜ የሚፈጸመው ለመድን ድርጅቱ የሚቀርበውን ዋጋ በማሳበጥ በመሆኑ ባለቤቱን የማጭበርበር ተባባሪ ያደርገዋል፤ ቴክሳስም ኮንትራክተር ዲዳክቲብልን እንዳይተው ከ2019 ጀምሮ በሕግ ከልክላለች። በእንግሊዝኛ የተጻፈ ረጅም ውል በደጃፍ ላይ ቆሞ መፈረም ማንንም የሚያስቸኩል ሲሆን፣ ቋንቋው ለሚከብዳቸው ወላጆች ደግሞ ከባድ አደጋ ነው። የፌዴራሉ የንግድ ኮሚሽን ደንብ ሻጭ ቤት ድረስ መጥቶ ያስፈረመውን ውል በሦስት የሥራ ቀናት ውስጥ መሰረዝ እንደሚቻል መደንገጉን እያንዳንዱ ቤተሰብ ሊያውቀው ይገባል።

የኮንትራክተሩን ፈቃድ ማጣራት ቀላል ሥራ ነው። ሜሪላንድ ውስጥ ማንኛውም የቤት ማሻሻያ ኮንትራክተር በግዛቱ የቤት ማሻሻያ ኮሚሽን ፈቃድ ሊኖረው ይገባል፤ ከውሉ ዋጋ ከአንድ ሦስተኛ በላይ ቅድመ ክፍያ መቀበልም በሕግ ተከልክሏል፤ በሥራው ለተጎዱ ባለቤቶች ካሳ የሚከፍለው የግዛቱ የዋስትና ፈንድ የሚያገለግለውም ፈቃድ ያለውን ላሠሩ ብቻ ነው። በዘመድ ወዳጅ በኩል የተገኘ፣ ፈቃድም የሠራተኛ መድንም የሌለው ሰው በርካሽ ሊሠራ ይችላል፤ ነገር ግን ሠራተኛ ከጣሪያ ቢወድቅ የካሳ ጥያቄው ወደ ቤቱ ባለቤት ሊዞር ስለሚችል፣ መተማመን መልካም ቢሆንም የመድን የምስክር ወረቀቱ በቀጥታ ከመድን ድርጅቱ እንዲላክ መጠየቅ ማንንም ሊያስከፋ አይገባም። ከ1980ዎቹ በፊት የተሠራ ቤት ከሆነ ደግሞ አሮጌው ንጣፍ አስቤስቶስ የተባለውን ለሳንባ አደገኛ ክር ሊይዝ ስለሚችል ከመነሣቱ በፊት መመርመር አለበት።

ወቅትም ዋጋ አለው። ሽንግሎች እርስ በርስ የሚጣበቁት በጀርባቸው ያለው ማጣበቂያ በፀሐይ ሙቀት ሲለሰልስ ስለሆነ፣ በብርቱ ቅዝቃዜ የተመታ ጣሪያ እስኪሞቅ ድረስ ለነፋስ ተጋልጦ ይቆያል ወይም በእጅ መጣበቅ ይኖርበታል። በመሆኑም ዋጋዎቹን በክረምት ሰብስቦ ሥራውን ለፀደይ መቅጠር ይሻላል፤ የፀሐይ ኃይል ማመንጫ ሰሌዳ ለመትከል ያሰበም ጣሪያውን አስቀድሞ ቢቀይር ሰሌዳዎቹን አንሥቶ ከመመለስ ወጪ ይድናል።

የዕድሜ ልክ ተብሎ የሚቀርበው የአምራች ዋስትና በአብዛኛው ለመጀመሪያው ባለቤት፣ ቤቱን በያዘበት ዘመን ብቻ የሚሠራ፣ ከመጀመሪያዎቹ ዓመታት በኋላም ሽፋኑ እየቀነሰ የሚሄድ ሲሆን፣ የምርቱን ጉድለት እንጂ የሠራተኛውን ስሕተት አይሸፍንም። አብዛኞቹ ፍሳሾች ደግሞ ከእጅ ሥራ የሚመጡ ስለሆኑ ኮንትራክተሩ ራሱ በጽሑፍ የሚሰጠው የሥራ ዋስትና ከአምራቹ ይበልጥ ሊመዘን ይገባዋል። የመጨረሻው ክፍያ የሚፈጸመው የአካባቢው ተቆጣጣሪ ሥራውን ካጸደቀ፣ ግቢው በማግኔት ከምስማር ከተለቀመና ኮንትራክተሩ ለዕቃ አቅራቢውና ለሠራተኞቹ መክፈሉን የሚያረጋግጥ፣ በቤቱ ላይ የዕዳ እግድ የማስመዝገብ መብታቸውን የሚተዉበት የተፈረመ ሰነድ ካስረከበ በኋላ ነው፤ ይህ ሰነድ ከሌለ አቅራቢው ለሽንግሉ ያልተከፈለውን ገንዘብ፣ ሙሉውን ዋጋ አንድ ጊዜ ከከፈለው የቤት ባለቤት ሊጠይቅ ይችላል።